ልጅ ለእናቷ ምጥ ስታስተምር

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል፣ ያላለፈበትን ነገር ላለፈበት ሰው ሊነግር የሚዳዳውን ደፋር ለመሸንቆጥ። ምጥ በወሬ አይታወቅም። ስድስት ልጅ የወለደች ሴት ፊት ያላገባች ኮረዳ ስለ ምጥ ምን አፍ ይኖራታል?

በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይህንን ተረት የሚገለብጥ ሥራ ጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ከየአካባቢያቸው መልምሎ አንድ ዓመት አሠለጠነና ሁለት ሁለት እያደረገ ወደየገጠር ቀበሌው መለሳቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተባሉ። አንድ ቀበሌ 5 ሺህ ያህል ነዋሪ አለው። ሁለቱ ልጆች በአንዲት ጠባብ ጤና ኬላ ተቀምጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወባ አጎበር፣ ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ያስተምራሉ። ከሥራቸው ሁሉ የከበደው ግን ያው የተረቱ ሥራ ሆነ። እናታቸው የምትሆን ሴት ቤት ገብተው፣ ቡና ተፈልቶላቸው፣ «እዚህ ቤት አትውለጂ» ማለት።

ውጤቱ ቶሎ አልመጣም። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ቁጥሩ ያው 5 ነበር። በ2003 ዓ.ም. 10 ደረሰ። ያኔ ልጆቹ ወደ ገጠር መውጣት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። እናቶች ክትባቱን ተቀብለዋል፣ ለቤተሰብ ዕቅድ መርፌውም ክንዳቸውን መስጠት ጀምረዋል። ምጡን ግን ቤታቸው አስቀርተውታል።

ለምን? ከተማ ላለ ሰው መልሱ ቀላል ይመስላል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ገንዘብ የለም። በ2003ቱ ጥናት ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ከ10 ውስጥ 6ቱ «አያስፈልግም» አሉ። 3ቱ ደግሞ «በእኛ ልማድ የለም» አሉ። ርቀትና መጓጓዣ ከእነዚህ ሁለቱ በጣም ወደኋላ ቀርተው ነው የተነሱት።

ይህንን መልስ የድንቁርና ምልክት አድርገው የጻፉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ከ100 ነፍሰ ጡሮች 85 ያህሉ ከባድ ችግር ሳይገጥማቸው ይገላገላሉ። እስቲ አንድ ቀበሌ እንውሰድ። 5 ሺህ ሰው በሚኖርበት ቀበሌ በዚያ ዘመን በዓመት ከ170 እስከ 200 ሕፃናት ይወለዱ ነበር። የ1992ቱ ጥናት ከ100 ሺህ ወሊዶች 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። አገርን የሚያስለቅስ ቁጥር ነው። ወደ ቀበሌዋ ስናወርደው ግን በዓመት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ቀብር ይሆናል። ሴትዮዋ በዕድሜዋ ያየቻቸው ወሊዶች አብዛኞቹ በእልልታ ያለቁ ናቸው። ያ አንድ ቀብር ሲመጣ «ቀኗ ደርሶ ነው» ይባልና ይለቀሳል፣ ይሸኛል። ሞቱ ለአገሪቱ ጥፋት የሚያህል ብዙ ነው፣ ለአንድ መንደር ግን የፈጣሪ ፈቃድ የሚመስል ጥቂት። «አያስፈልግም» ያለችው ሴት በዓይኗ ያየችውን ነው የተናገረችው።

ደግሞም አደጋውን አታውቀውም ማለት አይደለም። ቋንቋችንን ብቻ ማዳመጥ ይበቃል። ነፍሰ ጡር ስትሰናበት «በሽልም ያውጣሽ» ትባላለች፤ ከምን እንደምትወጣ የሚነግራት ባይኖርም ሁሉም ያውቀዋል። ስትወልድ «ተገላገለች» እንላለን። ጠያቂዋ ደጃፍ ላይ ሆና የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» ከዚያ በኋላ ቢመጣ ነው። ምሕረት የሚጠየቀው ሞት ባንዣበበበት ቦታ ነው። በወሎ ደግሞ ዱበርቲ የሚባሉት ሴቶች ተሰብስበው ቡና አፍልተው ዱዓ ያደርጉላታል። ስለዚህ የገጠሯ ሴት አደጋ መኖሩን ከማንም አልተማረችም። ያልነገሯት ነገር አደጋውን ከፈጣሪ ውጪ የሚመልሰው ሰው መኖሩን ነው። ቢነግሯትም የምታምንበት ምክንያት አልነበራትም፤ በዚያ ዘመን ጤና ጣቢያው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ሰው አልነበረማ።

ሐኪሞችም ቢሆኑ በዚህ ነገር ተሳስተው ያውቃሉ። በዓለም ዙሪያ ለረጅም ጊዜ የታመነው ዘዴ አደጋ ላይ ያሉትን አስቀድሞ መለየት ነበር። አጭሯን፣ የበኩር ልጇን የያዘችውን፣ ብዙ የወለደችውን፣ ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና የወለደችውን ለይቶ ሆስፒታል መላክ፣ የቀሩትን ለልምድ አዋላጆች መተው። አዋላጆቹም እጅ መታጠብን፣ እትብት በንጹሕ ምላጭ መቁረጥን ተማሩ። ከቴታነስ የዳኑ ሕፃናት አሉ። የእናቶች ሞት ግን በዚያ መንገድ ብቻ አልቀነሰም። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳቸው ሴቶች አብዛኞቹ «ምንም የለባቸውም» ተብለው የተለዩት ናቸውና። ማንኛዋ እንደምትደማ ሳትደማ አይታወቅም። ከደማች ደግሞ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ልትሞት ትችላለች። የልምድ አዋላጇ የማርያምን ስም መጥራት፣ ሆዷን ማሸት፣ መቀነቷን ማጥበቅ ትችላለች። ማኅፀኑን የሚያኮማትረው መርፌ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ የእሷ ጎጆ ደግሞ መብራት የለውም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሴሪን ታዴዎስና ዴቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ የእናቶችን ሞት በሦስት መዘግየቶች ከፈሉት፤ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ ላይ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና በማግኘት። ክፍፍሉ ዛሬ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ደርቋል። ወደ ቤት እንመልሰው።

የምነግራችሁ ሴት አንዲት የታወቀች ሰው አይደለችም፣ ከብዙ ሴቶች ታሪክ የተገመደች ናት። አምስተኛዋን አርግዛለች። ወሩ ነሐሴ ነው። ምጡ ሲመሽ ጀመራት። አማቷ ወገቧን ዳሰሰችና «ገና ነው፣ ሌሊቱን ያድራል» አለች፤ አማት አራቱንም ያዋለደች ናት፣ አልተሳሳተችም ነበር። ባል የለም፣ ሩቅ ዘመድ ለመቅበር ሄዷል። ያለ እሱ «እንሂድ» የሚል ሰው የለም፤ ቢኖርም ብር የያዘው እሱ ነው። ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ታውቃለች፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ነግራታለች። ግን ቤት ጥሎ የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። አስታማሚ ምን ይበላል? መድኃኒት ከውጭ ግዙ ቢባልስ? ፍየሏ እንዳትሸጥ ሌሊት ነው። ባል እኩለ ሌሊት ደረሰ፤ ጥቂት አመነታ። ጎረቤት ተጠራ፣ የዕድሩ ቃሬዛ ወጣ። በብዙ ቦታ ሬሳ የሚሸከመውና ወላድ የሚሸከመው ቃሬዛ አንድ ነው፤ ሸካሚዎቹም እነዚያው ናቸው። ወንዙ ሞልቷል። እስኪጎድል ቆሙ። መኪና መንገድ ሲደርሱ ነጋ፤ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ነበር። ጤና ጣቢያ ሲገቡ ረፋድ ሆኗል። አዋላጅ ነርሷ ብቻዋን ናት፣ አየቻትና «የሕፃኑ አቀማመጥ ልክ አይደለም፣ ሆስፒታል» አለች።

መዘግየቶቹን እዚህ ላይ ቆጥራችሁ ልትለዩአቸው ሞክሩ። እኔ አይለያዩልኝም። ባል ያመነታው ወንዙን ስለሚያውቅ ነው። አማት «ያድራል» ያለችው ጤና ጣቢያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ያወራውን ስለሰማች ነው። ከበሩ ውጪ ያለው ሁሉ ከበሩ ውስጥ ያለውን ውሳኔ ይሠራዋል።

ምጥ ከዚህም አልፎ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲቆይ ምን እንደሚያደርስ አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው በሌላ በር ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ያገኟቸው በምጥ የተጎዱ ሴቶች ሙሉ ሕይወታቸውን ያዙት፤ የፌስቱላ ሆስፒታሉ በ1974 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የተጨናነቀው የሕፃን ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ያደቅቃል፣ ፊኛዋ ይበሳል፣ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ሴቶች ሲጠግኑ ኖሩ። ግን የቀደዳውን ምንጭ ሳይደፍኑ መጥቀም ብቻ እንደማያልቅ ገብቷቸው በ2007 እ.ኤ.አ. የሚድዋይፎች ኮሌጅ ከፈቱ። ተማሪዎቹ ከገጠር ይመለመላሉ፣ ሲመረቁ ወደ ገጠር ይመለሳሉ።

ወንዙን ማድረቅ ካልተቻለ፣ ሴትዮዋ ምጥ ሳይጀምራት ከወንዙ ወዲህ ብትሻገርስ? የእናቶች ማቆያ የሚባለው ሐሳብ ይኸው ነው። ኩባ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርታበታለች። በእኛ አገር ከቀዳሚዎቹ አንዱ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በግቢው ውስጥ ማቆያ ከፈተ። ነገሩ ቤት የመሰለ ነው፤ ሴቶቹ ወራቸው ሲገባ ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ፣ እርስ በርስ ይጨዋወታሉ፣ ምጥ ሲመጣ ሆስፒታሉ ጥቂት እርምጃ ነው።

ሆስፒታሉ መዝገቡን በደንብ ይይዝ ስለነበር የ22 ዓመት ታሪክ ሊጠና ቻለ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. 24,148 ሴቶች እዚያ ወልደዋል። ከእነዚህ 6,805ቱ በማቆያው ቆይተው፣ 17,343ቱ ከቤታቸው በቀጥታ መጥተው። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት፣ በ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ፣ የሞቱት እናቶች 90 ያህል ናቸው። በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት በማቆያው በኩል ከ1,000 ወደ 18 ገደማ፣ በሌላው በኩል 191።

እነዚህ ቁጥሮች ሲነበቡ ልብ ይመታል። ሳናጨበጭብ ግን አንድ ነገር እንይ። በቀጥታ የመጡት እነማን ናቸው? ብዙዎቹ እንደ ነሐሴዋ ሴት ናቸው፤ ቤት ሞክረው፣ ሌሊቱን አንዳንዴም ሁለት ቀን አምጠው፣ በቃሬዛ የመጡ። ቤታቸው በሰላም የወለዱት እዚህ መዝገብ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት አይቻልም። ቁጥሩ በእርግጠኝነት የሚያሳየው ዘግይቶ መድረስ ምን ያህል ገዳይ እንደሆነ ነው።

መንግሥት ሐሳቡን ወደየጤና ጣቢያው አወረደው። ሕዝቡ እህል አዋጣ፣ እንጨት አዋጣ፣ ጉልበቱን ሰጠ፣ ቤቶቹ ተሠሩ። በጅማ ዞን በ24 የጤና ጣቢያ አካባቢዎች የተደረገ ሙከራ ግን ትዕቢታችንን የሚያበርድ ነው። በዕጣ ከተመረጡት በአንዳንዶቹ ማቆያው ተሻሻለ፣ የአካባቢ መሪዎችም ሠለጠኑ፤ በሌሎቹ እንደነበረ ቀረ። መጨረሻ ላይ በጤና ተቋም በሚወልዱት ቁጥር አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ጥሩ አልጋ፣ ጥሩ ኩሽና፣ ሰው ግን የሚጠበቀውን ያህል አልመጣም።

አልጋው አይደለም ነገሩ። ወርሽ ገባ የተባለች ሴት ሁለት ሳምንት ማቆያ ልትተኛ ስትል ከቤቷ ምን እንደምትነቅል ተመልከቱ። ላሟን ማን ያልባል? ውኃውን ማን ይቀዳል? ባሏ ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት ይችላል፤ ምጣድ ፊት ግን አይቀመጥም፣ ቢቀመጥ መንደሩ ይስቅበታል። አማት ካለች ጥሩ፤ ግን አማት ራሷ አስታማሚ ሆና ልትሄድ ነው። ስለዚህ ሊጡ፣ ጭስ ቤቱና ታናናሾቹ በአንዲት ሰው ላይ ይወድቃሉ። እሷም የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ናት፣ 9 ወይም 10 ዓመቷ። ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ይቅርባት ይባላል። የማቆያው አገልግሎት በነፃ ነው ሲባል እኔ ያቺን ልጅ አስባለሁ። ሪፖርት ላይ ስሟ የለም እንጂ ከፋይዋ እሷ ናት።

ማቆያዎቹ የሚሠሩበት ቦታ ይህንን ያሰቡበት ቦታ ነው። ትንንሾቹ ልጆች ከእናታቸው ጋር እንዲያድሩ የሚፈቀድበት፣ ቀበሌው ሲያዋጣ የማቆያውን ጓዳ ብቻ ሳይሆን የሴትዮዋንም ቤት የሚያስብበት፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በእርጉዝ እናቶች ስብሰባ ላይ ባሎችንም አስቀምጣ «እናንተስ?» የምትልበት።

ሌላም የምትነቅለው ነገር አለ። ቤቷ ስትወልድ የምታምጠው ተንበርክካ ነው፣ የሴት አንገት አቅፋ ወይም ከምሰሶ የታሰረ ገመድ ይዛ። ዙሪያዋን የምታውቃቸው ሴቶች ከበዋል። ሲወለድ እልልታ አለ፤ ለወንድ በዛ፣ ለሴት አነስ ይላል። ቅቤ የጠጣ ትኩስ ገንፎ ይቀርባል። የእንግዴ ልጁ በክብር ይቀበራል። ጤና ጣቢያ ስትገባ አጃቢዎቿ በር ላይ ቀሩ። ልብሷን አወለቀች። ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተጋደመች። ልጇ የሚሆን ወጣት ወንድ መጥቶ አያት። ጮኸች፤ «ዝም በይ፣ ስትሠሪው አልጮኽሽም» ተባለች። ይህች ዓረፍተ ነገር በየገጠሩ ትታወቃለች፤ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ከማንኛውም የጤና ትምህርት በላይ ትፈጥናለች። አንዲት አዋላጅ የተናገረቻት አንድ ቃል ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ዓመቱን ሙሉ የለፉበትን ታፈርሳለች። በነርሷም ላይ ላመካኝ አልፈልግም። ብቻዋን ናት፣ ሌሊቱን አልተኛችም፣ ውኃ የለም፣ ጓንት አልቋል። ግን ሴትዮዋ ይህንን አታይም።

ለውጡ ሲመጣ በትንንሽ ነገር መጣ። ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋት ጀመሩ። ቡና እንዲፈላ፣ እናት ወይም አማት ምጥ ክፍል እንድትገባ ተፈቀደ። ቄስ መጥቶ እንዲጸልይ የፈቀዱም አሉ። ከጄኔቫ፣ ከዓለም ጤና ድርጅት፣ የሚመጣ ሰነድ ይህንን «አክብሮት ያለው እንክብካቤ» በሚል ረጅም ስም ይጠራዋል። መንደሩ ግን «ገንፎ አለ» ነው ያለው፤ ወሬውም በዚሁ ስም ተዛመተ። በ2008 ዓ.ም. በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 ወደ 26 ወጡ፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆኑ። የእናቶች ሞት ግምት በ2008 ከ100 ሺህ ወሊዶች ወደ 412 ወረደ። ገንፎው ብቻውን አላደረገውም። የጤና ጣቢያዎች መብዛት፣ የአዋላጅ ነርሶች መሠልጠን፣ አምቡላንሱ፣ መንገዱ፣ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸው ሁሉ አለበት። ከተማና ገጠር ግን ያኔም ሁለት አገር ነበሩ፤ በ2011ዱ ጥናት ከተማ ከ100 ወደ 70፣ ገጠር ወደ 40።

ሆስፒታል የምትላከውስ? ቀዶ ሕክምና የሚያውቁ ሐኪሞች ገጠር አይቆዩም፤ ይህ የታወቀ ነው፣ ስድብም ምክርም አልለወጠውም። ኢትዮጵያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ መንገድ ሞከረች። ሐኪም ያልሆኑ ልምድ ያላቸው የጤና ባለሙያዎችን በሦስት ዓመት የማስተርስ ሥልጠና ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና አስተምራ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ላከች። ዛሬ በብዙ ገጠር ሆስፒታሎች በእኩለ ሌሊት ቢላዋውን የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ሐሳቡ ለሚያስፈራው ሰው የማሚቱ ጋሼን ስም መጥራት ይበቃል። በገጠር በምጥ ተጎድታ ለሕክምና የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ነበረች፤ ከሃምሊኖቹ ጎን ቆማ እያየች ተማረችና ፌስቱላን በመጠገን የታወቀች ባለሙያ ሆነች።

ስለ አምቡላንሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አንዱን ብቻ ላንሳ። እያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ እንዲኖረው ተደርጎ ተከፋፈለ። ነዳጅ ሲያልቅ፣ ጎማ ሲፈነዳ ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጤና ተቋማትን ሲያወድም አምቡላንሶችም አብረው ተዘርፈዋል። በሰላሙ ጊዜም ግን አምቡላንሱ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። ሴትዮዋን ያመጣታል፣ አይመልሳትም። ሥርዓቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እሷ በተገላገለች ሰዓት ሌላ ቀበሌ ሌላ ሴት ምጥ ይዟት ስልክ ተደውሏል። ሾፌሩ የትኛዋን ይምረጥ?

ስለዚህ ያቺ የነሐሴዋ ሴት፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከሕፃኗ ጋር የተረፈችው፣ በአምስተኛው ቀን «ውጪ» ተባለች። ስፌቷ ገና ያማታል። ወሊዱን ማንም አላስከፈላትም። ከሆስፒታሉ እስከ መኪና መንገዱ መጨረሻ ያለውን ሚኒባስ ግን ከፈሉ፤ ባል ፍየሏን ሸጦ ነበር። ከዚያ ወዲያ በቅሎ ተለመነ። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር ተሻገሩ። ከሩቅ ቤታቸው ሲታይ ጣራው ላይ ጭስ አለ፤ የመጀመሪያዋ ልጅ ናት፣ ምጣዱን አሰምታ እየጋገረች። እናቷን ስታይ ማሰሻዋን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ሴቶቹ ደጃፍ ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ፣ እሷ ግን ጠጋ ብላ የእናቷን ፊት እያየች «ያማል?» አለቻት።

«ገብተሽ እንጀራውን አውጪ፣ ያርራል» አለቻት እናቷ።